ውሃ የሚጠጣ ግድግዳ

ጭቃ ቤት ተወልጄ ጭቃ ቤት የወለድኩ ሴት ነኝና ስለ ግድግዳ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ጠላቱ ነው። ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በጓሮአችን በኩል ያልፋል። ልጆቼን ሳሳድግ ከልጆቹ እኩል የምጠብቀው ግድግዳውን ነበር። ቦይ እቆፍራለሁ፣ ጆንያ አፈር ሞልቼ እደረድራለሁ፣ ላስቲክ እወጥራለሁ። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ክረምት የኋላው ክፍል ከሥሩ ተበልቶ ወደቀ።

ያ ክፍል ለልጄ የታሰበ ነበር። ልጄ ከባሏ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለችና የምትታረሰው እኔ ዘንድ ነው፤ ወጉም እንደዚያ ነው። ነገር ግን እኔ የምተኛበት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ይዞ ሞልቷል። የፈረሰውን በላስቲክ ጋርጄ አራስ ከነጨቅላዋ ላስተኛ? እሷ ራሷ በጨቅላነቷ ብርድ መትቷት ደረቷ ሲታፈን ያሰማ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከመውለዷ በፊት ደረቅ ክፍል መቆም ነበረበት።

አማቼ እምነበረድ የሚቆርጥ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። በኛ ዘንድ አማትና አማች ይከባበራሉ፤ ይፈራራሉም። እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔም አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ እያልኩ ልጻፍ፤ እሳቸው ካልኩ የሽማግሌ ታሪክ ይመስልብኛል።

አንድ እሑድ በአይሱዙ ነጭ ጭቃ አስጭኖ መጣ። ድንጋዩ ሲቆረጥ መጋዙ እንዳይግል ውሃ ይፈስበታል አለኝ። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፋብሪካው መጣያ ስለቸገረው ለሚወስድለት ሁሉ ይሰጣል።

"ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅለን ብሎኬት እናወጣበታለን፣ እማማ።"

ራሴን ነቀነቅሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ለአማቼ "አልገባኝም" ማለት ደግሞ አልችልበትም።

ጎረቤቴ፣ አትክልት የምትሸጠዋ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች።

"ዱቄት አስጫንሽ እንዴ? ለአራሷ ገንፎ ልታገነፊበት ነው?"

"የእምነበረድ ነው። ብሎኬት ይሆናል።"

"እሰይ! ድንጋዩ ሀብታም ቤት ደረጃ ላይ፣ እድፉ አንቺ ጓዳ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "ግን እቴ፣ የፋብሪካ ነገር ኬሚካል አያጣውም። ለጨቅላ እንዴት ይሆናል?" አለችኝ።

እንቅልፍ ነሳችኝ። ቤት ለቤት የምትዞረዋን የጤና ባለሙያ መንገድ ላይ ጠብቄ ጠየቅኋት።

"ድንጋይ እኮ ነው፣ እማማ። ሲደርቅ ግን ዱቄቱን እንዳይተነፍሱት፣ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ብሎኬት ከሆነ በኋላ ችግር የለውም።"

ይሄ እንግዲህ ጥሩ ነው ማለት ነው ወይስ መጥፎ? ዛሬ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነገ ሕፃን ሥሩ ይተኛል? አመስግኛት ተመለስኩና አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ጭቃው እንዳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት።

በሚቀጥለው እሑድ አማቼ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ብሎኬቱን አወጣ። ድብልቁን የብረት ሻጋታ ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ግቢው ላይ ይገለብጡታል፣ ሻጋታውን ያነሳሉ። አመሻሹ ላይ ግቢው ሞልቶ ነበር። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣

"ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡልኝ። ውሃ እንዳይለያቸው፣ እማማ" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

ሲሄድ ብሎኬቶቹ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ግድግዳ ውሃ ይጠጣል? ጭቃ ብንለስን የመጀመሪያ ጸሎታችን ፀሐይ እንዲወጣ ነው። ደግሞ ውሃ በኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በርሜሉን የሞላሁት ለወሊዱ ነው። ያን ውሃ ድንጋይ ላይ ልድፋ? ምናልባት አቧራው እንዳይነሳ ብሎ ይሆናል። ምናልባት ተናግሮ ሳይጨርስ ትቶት ይሆናል። መልሼ ደውዬ እንዳልጠይቀው አፈርኩ።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ግቢው መሐል ያሉትን ፀሐይ አግኝተው ይጠንክሩ ብዬ ተውኳቸው። ከሰዓት በኋላ የእንጦጦ ጫፍ ሲጠቁር ደነገጥኩና ያለኝን ላስቲክ አውጥቼ ከአጥሩ ሥር ያሉትን ሸፈንኳቸው፤ ለሁሉም አልበቃም። ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጫንኩት። ደመናው በየቀኑ እየመጣ ሳይዘንብ ይመለስ ነበርና ላስቲኩን ሳላነሳው ሰነበተ።

ልጄ ደወለች። "እማዬ፣ ብሎኬቶቹ እንዴት ናቸው ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ።"

"ደህና ናቸው በይልኝ። እየጠበቅኋቸው ነው።"

ሁለቱም እሑድ መጡ። ልጄ ሆዷ ገፍቶ፣ ዱካ ላይ ያስቀመጥናት ሁለት እጇን ይዘን ነበር። አማቼ መሐል ካሉት አንዱን ብሎኬት አነሳ። ጠርዙ እንደ ደረቅ ቂጣ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ሌላ አነሳ፤ ያም ፈረሰ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ክፍሉ ሲቀር፣ ልጄ በላስቲክ ግርዶሽ ስትታረስ ታየኝ።

ከዚያ ላስቲኩን ገለጠ። ከሥሩ ውሃ እንደ ላብ ጠብ ጠብ አለ። ብሎኬቶቹ ጠቁረዋል። አንዱን በመዶሻ እጀታ ቢመታው እንደ ብረት ጮኸ።

"እነዚህንስ ምን አደረጓቸው?"

"ከዝናብ ከለልኳቸው።"

"ዘንቦ ነበር?"

"አልዘነበም።"

አፉን በእጁ ያዘ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቁን እንደሚያፍን የገባኝ። ልጄ ግን መች ታፍናለች!

"እማዬ ሙች! ውሃ እንዳይነካቸው የሸፈንሻቸው ናቸው ውሃ ሳይለያቸው የከረሙት!"

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እየጠጣ ነው፤ ላስቲኩ የራሳቸውን እርጥበት ይዞላቸው ነው አለ አማቼ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀጥሎ ግን የተፈረፈሩትን አየሁና፣

"አልገባኝም" አልኩት።

ሳቁን ትቶ ጠንካራ ብሎኬት ላይ ተቀመጠና እንደገና አስረዳኝ።

"ፀሐይ ያገኘው ነው የፈረሰው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ከጠነከረ በኋላ ዝናብ ቢመታውስ?"

"ምንም አይለውም።"

ግማሹ ገባኝ። ግማሹ አሁንም አልገባኝም።

የተረፉት ተቆጥረው ለሦስት ግድግዳ በቁ። ሌላ ጭቃ ከፋብሪካው እስኪገኝ እንጠብቅ አለ። የልጄን እግር አየሁ፤ አብጧል።

"አራተኛውን ለኔ ይተዉልኝ" አልኩት።

የወደቀው ግድግዳ አፈር ጓሮ ተከምሮ ነበር። በውሃ አራስኩት፣ ጭድ ነሰነስኩበት፣ በእግሬ ረገጥኩት፣ እስኪቦካ ተውኩት። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም ደግሞ አልሳቀብኝም። አማቼ ማገሩን መታልኝ። የተፈረፈሩትን ብሎኬቶች ቀጥቅጦ ወለሉ ሥር ደለደላቸው። ልጄ ዱካዋን አስጠግታ፣ "እማዬ፣ የጭቃው ሽታ አማረኝ" እያለች ስለስን ትመለከተኝ ነበር። ነጩን ዱቄት ቀምሳ እንዳይሆን ብዬ በስውር አፏን አየሁ።

ክፍሉ ደረቀ፤ እሷም ወለደች። ሴት ልጅ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው ጨቅላዋ ገና ክርስትና ሳትነሳ ነው። ከእንጦጦ ሲያጉረመርም ላስቲኬን ይዤ ወጣሁ። እግሬ እንደለመደው መጀመሪያ ያገኘሁት ግድግዳ ጋ ወሰደኝ፤ ብሎኬቱ ነው። ልሸፍነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ይሄ ውሃ አይፈራም ተብያለሁ። ግን ላስቲክ ጠቅሞት የለም እንዴ? ያኔ የጠቀመው ውሃ እንዳይወጣ ነው፤ አሁን የምሸፍነው ውሃ እንዳይገባ ነው፤ ላስቲኩ ያው አንድ ላስቲክ። ነጠላዬ ረጥቦ ጥጉ ላይ ቆምኩ።

"እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ግቢ እንጂ!"

"የቱን ልሸፍን?"

"የጭቃውን ነዋ!"

የጭቃውን ሸፍኜ ገባሁ። እጄን አድርቄ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ብሎኬት ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ከጨቅላዋ ደረት አስጠጋሁ። ቆርቆሮው እየጮኸ ለመስማት ከበደኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ንጹሕ ትንፋሽ ነው፤ ይወጣል፣ ይገባል።

ቀና አልኩና ግድግዳውን እንደገና ዳሰስኩት። ውጭ ውሃው ይወርድበታል። ውስጡ ደረቅ ነው።