በወር አንድ ጆንያ

መተማ ላይ ሙቀቱ እየባሰ፣ ዝናቡም ጊዜውን እየሳተ ሲሄድ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ደኑን ካልቆጠብነው አየሩ ከዚህም ይከፋል፤ ከእንግዲህ ለአንድ ቤት በወር አንድ ጆንያ ከሰል ብቻ ይሸጣል አሉ። «ለሁሉም እኩል ከሆነ እሺ» ብዬ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የሰፈሩ ሴቶችም ክርክር እንደማልፈራ ያውቃሉና የከሰሉን ሰልፍ ተራ እንዳስከብር መረጡኝ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ወለደች። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የገላ ውኃው፣ ሁሉም እሳት ይፈልጋል፤ ጆንያችን ወሩ ሳይጋመስ አለቀ።

«እማዬ፣ ሰልፉ በእጅሽ ነው። አንዲት ጆንያ ብታስተርፊልኝ ማን ያይሻል?» አለችኝ።

«አራስ አንቺ ብቻ ነሽ?» ብያት እንጨት ፍለጋ ወጣሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ትራክተር ጫካውን ገርስሶታል። ለሰሊጥ እርሻ ሊመነጥሩት ግንዱን እንዳለ ያቃጥሉታል። ዘበኛውን «ልጄ፣ ከዚህ አንድ ሸክም ልውሰድ፤ አራስ አለችብኝ» አልሁት።

«አይሆንም እማማ፤ የባለሀብቱ ነው።»

«እየተቃጠለ?»

«ቢቃጠልም የእሱ ነው።»

«ለእሱስ በወር ስንት ጆንያ ፈቀዱለት?»

ዘበኛው ሳቀ። «ይኼንንማ ቀበሌ ይጠይቁ።»

ጠየቅሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አንገቱን ደፍቶ «ፈቃዱ ከላይ ነው፤ ምን አቅም አለን?» አለኝ።

ባዶ እጄን ገባሁ። ልጄ የቀዘቀዘውን አጥሚት ጠጣች። ግቢ ውስጥ ባሰጣሁት የሕፃኑ ጨርቅ ላይ የዚያ ጫካ አመድ ወርዶበታል። አራግፌ መልሼ አሰጣሁት፤ መልሶ ወረደበት።