ያለ መሣሪያ ወደ ዳባት

ከማራኪ ስንነሳ

አምስታችንም ከማራኪ ሰፈር በማለዳ የተነሳነው ዳባት አጠገብ አንድ የገጠር ሠርግ ላይ ልንዘፍን ነው። እኛ ያለ ክራር፣ ያለ ኪቦርድ፣ በጉሮሯችን ብቻ የምንዘፍን የጎንደር ልጆች ነን። ከተማው ግን እስካሁን አልተቀበለንም፤ "ባንዱ ቀርቶ ነው?" እያሉ ይቀልዱብናል። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝልን ሀብታሙ መናኸሪያ ላይ ቁርጡን ነገረኝ።

"የዛሬው ካልሰመረ ኪቦርድ እንገዛለን። እምቢ ካልሽ እኔ የለሁበትም።"

እሱ ከሄደ ቡድኑ አለቀለት፤ እንደሱ ያለ ድምፅ ከየት ይመጣል? ኪቦርድ ከገባ ደግሞ እንደማንኛውም ባንድ ሆንን። እኔ እልኸኛ ነኝ። "ይሰምራል!" አልኩትና ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

አምባ ጊዮርጊስ

ሹፌሩ ለቁርስ አቆመልን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ትኩስ ሽሮ በቃሪያ በላንና ጉዞ ቀጠልን። ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ዳገቱን እየወጣን ስንለማመድ ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ ሹፌሩን "እስቲ ራዲዮኑን ቀንሰው" አሉት። እኔ እኛን ሊሰሙ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሀብታሙ ግን የራዲዮኑ ኪቦርድ ስለተቀነሰበት ተቀየመ።

ዳባት

የሙሽራዋ አባት አያ ስንሻው ጠመንጃቸውን አንግተው፣ በቅሎ ይዘው አስፋልቱ ዳር ጠበቁን።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ! እቃው የታለ? በቅሎዋ ላይ እንጫነው።"

"የምን እቃ?"

"ማሲንቆው ነዋ! ከበሮው!"

"አያ ስንሻው፣ ያለ መሣሪያ ነው የምንመጣው ብዬ በስልክ ነግሬዎት የለ?"

ጠመንጃቸውን ዳበስ አደረጉ። "እሱንማ ብለሽኛል። እኔ ጠመንጃ አንይዝም ያልሽኝ መስሎኝ ሸጋ ነው አልኩሽ!"

ሀብታሙ በሳቅ ፍርፍር አለ። አያ ስንሻው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "የጎንደር ዘፋኝ አመጣለሁ ብዬ ላገር አውርቻለሁ። አማቾቼን ምን ልበላቸው? ጉድ ሠራሽኝ፣ አንቺ ልጅ!"

"አናሳፍርዎትም፣ በእኔ ይሁንብዎ" አልኳቸው።

ዳሱ ውስጥ

አማቾቹ ገብተው፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ተራው የእኛ ሆነ። ስንት ወር የደከምንበትን ዘፈን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዜማ ይዘን ጀመርን። የሚያጨበጭብ ጠፋ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙን።

"ምነው ልጆቼ፣ አንዳችሁ ወደ ደጋ፣ አንዳችሁ ወደ ቆላ? ተጣልታችኋል እንዴ?"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አያ ስንሻው አቀረቀሩ። ሀብታሙ "አላልኩሽም?" በሚል ዓይን አየኝ። ደሜ ፈላ! ዘፈኑን አስቆምኩና አሮጊቷ ፊት ቆምኩ።

"እንግዲያው እርስዎ ያውጡ፣ እማማ፤ እኛ እንቀበል።"

ትንሽ ተግደረደሩና የሠርግ ዘፈን አወጡ። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉ። እኛም አብረን ተቀበልን፣ በአንድ ዜማ። በሦስተኛው ዙር ሀብታሙን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት፤ ወፍራሙን ድምፁን ከሥር አነጠፈላቸው። አሮጊቷ ደንገጥ ብለው አዩት፤ ከዚያ እየሳቁ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የቀረነው አንድ በአንድ ወደየዜማችን ገባን። አሁን ማንም ተጣሉ አላለንም፤ ጭብጨባው ቀለጠ፣ እስክስታው ወረደ። የሙሽራው አባት ማሲንቆው የት እንደተደበቀ ሲጠይቁ አያ ስንሻው ደረታቸውን ነፉ።

"ያለ መሣሪያ ነው የመጡት!"

ጀንበር እስክትጠልቅ አልለቀቁንም።

ወደ ቤት

በማግስቱ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሰው አልተቀበለንም እያልኩ ስማረር ኖሬያለሁ። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ "ተቀበሉን" ብለን ቦታ ሰጥተነው አናውቅም። ከእንግዲህ የምንዘፍነው ሁሉ ተቀባይ ይኖረዋል፤ ወስኛለሁ።

ማራኪ ወርደን ልንለያይ ስንል ሀብታሙን "ኪቦርዱስ?" አልኩት፣ ነገር ፍለጋ። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ተዘግቷል። ጉሮሮውን ይዞ እንደምንም አንሾካሾከልኝ።

"ለነገው ልምምድ ዝንጅብል ይዘሽ ነይ።"