ሎቲ ያደረገው ጅብ ከየትኛው ወገን ይመዝገብ?

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስቸገረኝ ዘንዶ ነው።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተዛውሬ መሐል ሜዳ ወደሚገኝ የባህል ቢሮ መጣሁ። ኃላፊዬ አቶ ጌታሁን አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ስካነርና ከአዲስ አበባ የተላከ የቃላት ዝርዝር አስረከቡኝ። «የመንዝና የግሼ ሠዓሊዎች ሥራ በኢንተርኔት መዝገብ ሊገባ ነው» አሉኝ። «አንቺ ሥዕሉን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ ከሥሩ መለያ ቃል ትጽፊለታለሽ። ፈላጊው ያንን ቃል ሲጽፍ ሥዕሉ ይመጣለታል።»

ቀላል መሰለኝ። በግ ላይ «በግ»፣ ፈረስ ላይ «ፈረስ» እያልኩ እስከ ምሳ አሥራ አንድ ሥዕል ጨረስኩ። ከምሳ በኋላ ቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ። ከፈረሱ እግር ሥር ዘንዶ ተጋድሟል። ዝርዝሩ «የቤት እንስሳ»፣ «የዱር እንስሳ»፣ «ምናባዊ ፍጡር» ይላል። የጓሳን ሜዳ ስንት ጊዜ አቋርጬ ዘንዶ ገጥሞኝ አያውቅም። «ምናባዊ ፍጡር» ብዬ ጻፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የሥዕሉ ባለቤት መሪጌታ ዘውዴ ነበሩ፤ ግሼ ራቤል የሚኖሩ፣ ብራናም ሸራም የሚሥሉ አዛውንት። በሳምንቱ ቢሮ ሲመጡ የሥዕሎቻቸውን ዝርዝር አነበብኩላቸው። ዘንዶው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ምናባዊ ማለት ምን ማለት ነው?»

«በሐሳብ የተፈጠረ፣ በእውን የሌለ ማለት ነው መሪጌታ።»

«ጊዮርጊስ ታዲያ ማንን ነው የወጋው? ነፋስ?»

አቶ ጌታሁን መስኮቱን ማየት ጀመሩ። መሪጌታ ግን አላቆሙም። የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙትን አራቱን እንስሳ፣ የበሬ ገጽ ያለው ስላሳሳተኝ፣ «የቤት እንስሳ» ከሚለው አስገብቼ ኖሮ፣ «እነዚህን ደግሞ ከየትኛው ጋጣ ልታሳድሪያቸው ነው?» አሉኝ።

ስህተቱ የኔ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ ሆኖ መዝገቡን የሚቆጣጠረው ሄኖክ የሚባል ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ደውሎ፣ «የአንበሳ ጋማ ያለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ልብ ያተመ፣ በሰው ጣት ሣር የሚነጭ ፍጡር ደርሶኛል። ምናባዊ ብዬዋለሁ፤ አፈ ታሪኩን ጻፊልኝ» አለኝ። ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጓሳ መጥቶ እንዲያየው ጋበዝኩት።

ከዚያ ጅቡ መጣ።

መሪጌታ በትንሽ ሸራ የሣሉት ነው፤ አንድ ጅብ አጥር ሥር ቆሞ ዞር ብሎ ያያል፤ ጆሮው ላይ የወርቅ ሎቲ አለ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሎቲው ግን ጆሮው ላይ ይቀራል የሚለው ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ወሬ ስለሆነ ሳላመነታ ሦስት ቃል ጻፍኩበት፦ «ጅብ»፣ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ»። በፍላሽ ገልብጬ ከዚያ እንዲጭኑት በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ላክሁት፤ ኢንተርኔታችን ቃል ለማረም እንጂ ሥዕል ለመጫን አቅም አልነበረውም።

ከወር በኋላ አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ቢሮ ገቡ። ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው፤ የቢሯችንን የበር ማጠፊያ ራሱ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«እህቴ፣ የጅቡን ሥዕል አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽበት?»

«አዎ።»

«ልጄ ትዕግሥት አሥረኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ‹ቀጥቃጭ› ብለው ቢጽፉ ጅብ መጣ። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ወንበር ቀየረች። እሷም ይኸው አራት ቀኗ፣ አልሄድም ብላ ቤት ተቀምጣለች።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኔ ጅብ መሆን ብችል ኖሮ ይህን ሁሉ ዳገት በእግሬ እመጣ ነበር?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። የዚያኑ ሰዓት ኮምፒውተሩን ከፍቼ «ቀጥቃጭ» እና «ቡዳ» የሚሉትን ሰረዝኩ።

በማግስቱ ስከፍተው ሁለቱም ተመልሰዋል። ሄኖክ ጋ ደወልኩ።

«ራስሽ የጻፍሽው እኮ ነው» አለኝ። «ሕዝቡ የሚለውን መደበቅ የመዝገብ ሥራ አይደለም። ለጥናት የሚፈልገው ሰው በምን ያግኘው?»

ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። አቶ ጌታሁን «በደብዳቤ እንጠይቅ» አሉ። ደብዳቤ መልስ እስኪያመጣ ልጅቷ ዓመቱን ታጣለች። ስለዚህ መሪጌታ ለገበያ የሚመጡበትን ቅዳሜ ጠብቄ ቢሮ ይዣቸው ገባሁና ነገሩን አስረዳኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ደውዪለት» አሉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ልጄ፣ ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ» አሉት። «መዶሻ አየህበት?»

«አላየሁም አባቴ።»

«ወናፍስ?»

«የለም።»

«ጉጠት? ከሰል?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ቀጥቃጩ በየት በኩል ገባ?»

«እንግዲህ... ይባላል።»

«እኔ የሣልኩት ‹ይባላል›ን ነው። ልጅ ሳለሁ ሲያስፈራሩኝ የነበረውን። አንተም ‹ይባላል› ብለህ ጻፍ። የሰው ሙያ ግን አትጻፍበት።»

የሄኖክ የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ሰማን። «‹ቀጥቃጭ›ን አውጥቼዋለሁ» አለ። «ግን ‹ይባላል› የሚል ክፍል ዝርዝሩ ላይ የለንም።»

«እንጨምር» አልኩት።

በዚያ ሰኞ «ምናባዊ ፍጡር» የሚለውን ከዝርዝሩ አስወጣን። በምትኩ ሦስት ገባ፦ «በመጽሐፍ የተጻፈ»፣ «በሰው የሚወራ»፣ «ሠዓሊው ራሱ የፈጠረው»። ዘንዶውና አራቱ እንስሳ ወደ መጀመሪያው ክፍል ሄዱ፤ ጅቡ ወደ ሁለተኛው፣ ወሬው ማንን እንደጎዳ ከሚናገር አጭር መግለጫ ጋር። ሄኖክ የፈለገው ተመራማሪ «ቡዳ» ብሎ ጅቡን አሁንም ያገኘዋል፤ «ቀጥቃጭ» ብሎ የሚፈልግ ግን ማረሻ ያያል። አቶ ደምሴን አስፈቅጄ ማረሻቸውን ፎቶ ያነሳሁት እኔው ነኝ።

አቶ ደምሴን ግን ኮምፒውተር አላረካቸውም። «ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጡኝ» አሉ። አቶ ጌታሁን ሁለት ጊዜ ጽፈው ቀደዱ፤ በሦስተኛው እንዲህ የሚል ወጣ፦ «በሥዕሉ ላይ የሚታየው ጅብ የማንኛውም ሙያ ባለቤት አለመሆኑን ቢሯችን ያረጋግጣል።» ፈርመው፣ ማኅተሙን ከበቂ በላይ በቀለም ነክረው መቱበት። በሥራ ዘመኔ ለጅብ የተጻፈ ደብዳቤ ያየሁት ያን ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን በሰልፍ ላይ አነበቡት። ተማሪው ሳቀ፤ ወደ ትምህርቷ የተመለሰችው ትዕግሥትም ሳቀች አሉ። ወንበር የቀየረችው ልጅ ሳትመለስ ቀረች፤ ሌላ ልጅ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ትዕግሥት የዚያን ዓመት ፈተና ተፈትና አለፈች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቼ ብዙ ሺህ ቃል ጽፌአለሁ። ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የምነግረው ይህን ነው፦ መለያ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ሠዓሊው በሕይወት ካለ ጠይቁት፤ ቃሉ የሚያርፍበትንም ሰው ጠይቁት።