በሁዳዴ ያልመጡ አስታራቂዎች

አክስቴ በተመታች ቁጥር እኛ ቤት ሥጋ ይበላ ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ዳባት ያለው ባሏ ይመታታል፣ እሷ አውቶቡስ ተሳፍራ ደባርቅ ወንድሟ ጋ፣ ማለትም አባቴ ዘንድ ትመጣለች፣ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ባልየውንና አንድ በግ ይዘው ከተፍ ይላሉ። በጉ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ እየጮኸ ስለሚገባ፣ እርቅ መምጣቱን ከእኛ በፊት ሰፈሩ ይሰማል። ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይመረቃል፣ አክስቴም ትመለሳለች።

ባልየው በቀበሌ ስብሰባ የሚስተካከለው አልነበረም። «የሴቶች እኩልነት ይከበር!» ሲባል ግራ እጁን ጨብጦ ከሴቶቹ በላይ ይጮህ ነበር አሉ። ቤቱ ሲገባ መፈክሩን ከኮቱ ጋር ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል።

አንድ ዓመት ታዲያ ሰውየው ቀን ሳያይ ሁዳዴ በገባ ማግስት መታት። አክስቴ ከንፈሯ አብጦ መጣች። ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት ተተካ፤ ሽማግሌ የሚባል ዝር አላለም። እናቴ ጨነቃትና ለዋናው ሽማግሌ፣ ለዳባቱ ቄስ፣ ቃል ላከች። «ጾም አይደለም እንዴ? በጉ እንዴት ሊሆን ነው? ጾሙ ይፈታና እንመጣለን» አሉ።

አክስቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። «ለካ እስከ ዛሬ ሲያስታርቀኝ የኖረው በጉ ነው!» አለች። ከዚያ ጾሙን ሙሉ እኛ ቤት ሽሮ እየበላች፣ ማንም ሳይጮህባት እየተኛች ፊቷ ጠራ፤ ወፈረች። በሁዳዴ የወፈረ ሰው ከእሷ በቀር አላየሁም።

በፋሲካ ማግስት መጡ። ባልየው፣ ሽማግሌዎቹ፣ በጉ፣ በዚያ ላይ ከአክስቴና ከባሏ ጋር የሚኖሩት የባልየው እናት። ቢላዋው እየተሳለ ሳለ አክስቴ ተነሣች።

«አባቶቼ፣ በጉ ከመታረዱ በፊት ዋስ እፈልጋለሁ። ዳግመኛ ቢመታኝ ከቤት የሚወጣው እሱ ነው። ይህን የሚያስፈጽምልኝ ከመካከላችሁ ማነው?»

ቄሱ ጺማቸውን አሻሹ። «ልጄ፣ የባልና የሚስት ነገር ነው፤ እኛ ምን ብለን እንገባበታለን?» አሉ። ሌሎቹ በጉን በጉን ያዩ ጀመር። ባልየውም ፈገግ አለ፤ አክስቴ ዛሬም እንደ ወትሮው ተመርቃ ልትመለስለት ነው።

ያኔ እናቱ ከጥግ ተነሡ። «ቤቱ የእኔ ነው፤ ዋሷም እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ ቢሆንም እጁን ያነሣ ዕለት ፍራሹን ደጅ አወጣለታለሁ።»

«እሜቴ፣ ሴት ደግሞ መቼ ዋስ ሆና ታውቃለች?» አሉ ቄሱ።

«የእኔ ባል ዋሶች ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ሥጋቸውን በልተው ሄዱ» አሏቸው።

አክስቴ በእሳቸው ዋስትና ተመለሰች። ኋላ አንድ ቀን ሰውየው እጁን ማንሣቱ አልቀረም። እጁ ሳይወርድ አሮጊቷ ፍራሹን እየጎተቱ ደጃፍ ደርሰው ነበር። ጎረቤት እያየው ራሱ ተሸክሞ መለሰው፤ ከዚያ ወዲያ አልመታትም። አክስቴ ይህን ስታወራ ሁላችንም እንስቃለን። እኔ ግን መሐል ላይ ሳቄ ይቆማል። እኒያ አሮጊት ፍራሽ የሚጎትትላቸው ሰው አጥተው ስንት ዓመት እንደተመቱ አስብና እናደዳለሁ።