ለመልሱ የተላከው ራም

አምቦ መናኸሪያ አጠገብ የጥገና ሱቄን በከፈትኩበት ቀን፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አሮጌ እየገዛሁ፣ እየፈታሁና መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት።

“ይጮሃል እንጂ አይነሣም” አለኝ ሰውየው።

ሰካሁት። ሦስት ጊዜ ጢጥ አለ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። በካቻቢቴ ከፈትኩት፣ ራሙን ነቀልኩ፣ ወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠረግኩና መልሼ ሰካሁት። ተነሣ።

“በላጲስ? ላጲስማ ልጄም አላት!”

“አላት” አልኩት፤ “የቱ ጋ እንደምታሻሽ ግን አታውቅም።”

ስቆ ሄደ። ሥራውን በዚህ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የመጣልኝ ጥያቄ “ራም ጨምርልኝ” የሚል ነው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠባብ ከሆነ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ማሽኑን አምጡ። ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ከራም ትውልዶች ዲዲአር ሦስትን ይቀበላል ወይስ አራትን? ስንት ጊጋ ይችላል? አሁን ያለበት ራም መለያው ምን ይላል? ይህን ሳላይ አልገዛም፣ አላስገዛምም። ደንበኞቼ ደረቅ ነህ ይሉኛል። ልጄ ሊዲያም ትለኛለች። እውነታቸውን ነው።

በአንድ ጥር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገመቹ ከጊንጪ ደወለ። ገመቹ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ያለው፣ የአካባቢውን ሠርግ ሁሉ በቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ ነው።

“ጋሼ፣ ሙሽራዋ ጠፋችብኝ!”

“ፖሊስ ጣቢያ ደውላ።”

“ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የጠፋችው!”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደንዲ ገበሬዎች አንዱ የሆኑት ኦቦ ደበላ ልጃቸውን ሲድሩ፣ እሳቸው ኦፕሬሽን ሆነው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ድግሱ ተዘጋጅቶ፣ እንግዳ ተጠርቶ ስለነበር “በእኔ ምክንያት እንዳታቋርጡ” ያሉት ራሳቸው ናቸው። አሁን ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። በማግሥቱ እሑድ የልጅቱ መልስ ነው፤ ገመቹም ያላዩትን ሠርግ በዚያ ቀን በቴሌቪዥን ሊያሳያቸው ቃል ገብቷል። ባለ አራት ጊጋው ኮምፒውተሩ ግን ቪዲዮውን ሲያቀናብር ድርቅ ይልበታል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አሥራ ስድስት ጊጋ ራም አስመጥቶ በገዛ እጁ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ጠቆረ።

ሚኒባስ ይዤ ጊንጪ ወረድኩ።

“አካም ጅርቱ ጋሼ፣ ሻይ ልዘዝ?”

“ሻዩ ይቆይ። መጀመሪያ ክፈተው።”

ራሙን አውጥቼ መለያውን አነበብኩ። ከቁጥሮቹ መጨረሻ “አር” የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል አለበት።

“ማነው ይሄን የሸጠልህ?”

“ዲዲአር ሦስት ነው አለኝ። ደግሞም ነው! ስሎቱ ውስጥ ጠቅ ብሎ ነው የገባው።”

“ጠቅ ይላል። ግን ሰርቨር ለሚባለው ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማሽን የተሠራ ነው። ያንተ ዴስክቶፕ መጨረሻው ላይ ‘ዩ’ ያለበትን ነው የሚፈልገው። ይሄን አያነበውም።”

“እና ሠርጉ?”

“ሠርጉ ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ራም ላይ ምንም አይቀመጥም።”

አሮጌዎቹን ባለ ሁለት ሁለት ጊጋ ራሞች መለስኩለት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ሙሽራዋም ከነቬሏ ብቅ አለች። ገመቹ ስክሪኑን ሊስም አጎነበሰ።

“ተው፣ የሰው ሚስት ናት” አልኩት።

ደስታው አልቆየም። ማቀናበሩን ሲጀምር ማሽኑ እንደገና ድርቅ አለ። በዚህ መሃል ጎረቤቱ ብየዳ ሠሪው ቶሎሳ፣ የገዛ ኮምፒውተሩን ራም ነቅሎ ይዞልን መጣ። ልቡ ደግ ነው፤ ራሙ ግን ዲዲአር አራት ነው። ከታች ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለይ ስሎቱ አላስገባውም።

“ይቺ ናት እንቅፋቷ? ወዲህ በላት፣ በሞረድ ሁለት ጊዜ ልበላት!”

“ቶሎሳ፣ ክፍተቷ እዚያ የተደረገችው እንዳንተ ያለውን ሰው ለመከልከል ነው!”

ቶሎሳ ሳቀና ሞረዱን ኪሱ ከተተ።

የሚስማማ ራም እንዳለ የማውቀው አንድ ቦታ ነበር፤ አምቦ፣ ሊዲያ የቤት ንድፍ የምትሠራበት ኮምፒውተር ውስጥ። ደወልኩላት።

“ዕቃሽን ለሰው አታውሺ ብለህ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?”

“ለሰው አይደለም፣ ለኮምፒውተር ነው። ንቀይና መለያውን አንብቢልኝ።”

“ዲዲአር ሦስት። አራት አራት ጊጋ፣ ሁለት። መጨረሻው ዩ።”

“ቮልቱስ?”

“አንድ ነጥብ አምስት፤ ሁለቱም።”

“ከመንቀልሽ በፊት ማሽኑን ከሶኬት…”

“ነቅያለሁ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን ተጭኛለሁ፣ ብረቱንም ነክቻለሁ። ፈተናው አለቀ አባዬ?”

“አልፈሻል” አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ብዙ ሰምታ አታውቅም።

ራሞቹን በማሸጊያቸው አድርጋ በሚኒባስ ረዳት ላከች። ረዳቱ ጊንጪ ሲወርድ ክንዱን እያሻሸ ነው።

“ልጅዎ ‘እንዳታጥፈው፣ ከእጅህም እንዳታወጣው’ ስላለችኝ፣ ከአምቦ እስከዚህ ሒሳብ የሰበሰብኩት በአንድ እጄ ነው።”

ሁለቱን ገጠምኩ። ስምንት ጊጋ አነበበ። ገመቹ ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩትና የራም መፈተሻውን አስነሣሁ።

“ሠርቷል እኮ ጋሼ!”

“ተነሥቷል። መሥራቱን ገና እናያለን። አሁን ሻዩን እዘዝ።”

ፍተሻው ያለ ስሕተት አለቀ፤ ቪዲዮውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀናብሮ ወጣ።

እሑድ ገመቹ እየጎተተ መልሱ ላይ ወሰደኝ። ኦቦ ደበላ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሙሽሮቹ አጠገባቸው ናቸው። ቪዲዮው ሲሄድ ዘመዱን በስም እየጠሩ፣ የእገሌን ጭፈራ እየነቀፉ ይስቁ ነበር። ወንድማቸው በእሳቸው ቦታ ቆሞ የሚመርቅበት ላይ ሲደርስ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

“ድምፁን ቀንሱት” አሉ። “እኔ አለሁ።”

ገመቹ ድምፁን ጨርሶ ዘጋው። ስክሪኑ ላይ ወንድማቸው ያለ ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ኦቦ ደበላ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸው በኦሮምኛ መረቁ። ልጅቱ ጉልበታቸውን ሳመች። ቤቱ በአንድ አፍ አሜን አለ።

ራሞቹ ገመቹ ዘንድ ቀሩ። ሊዲያ የእሱን አሮጌዎች ይዛ ጥቂት ሳምንት እያጉረመረመች ሠራች፤ ከዚያ እኔን ሳታማክር ለራሷ አዲስ ገዛች። እሷ በሌለችበት የኮምፒውተሯን ሳጥን ከፍቼ መለያውን አየሁ። ልክ ነበር።

ራም የሚገዛው ማሽኑ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው። ስሎቱ ውስጥ መግባቱ አይበቃም፤ መለያው እስከ መጨረሻው ፊደል ይነበባል።