አሥራ አራት ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀው የክርስትና ስም

ሰቆጣ ውስጥ በርበሬ ሊያስፈጭ ሄዶ ስለ ከዋክብት አፈጣጠር ሳይነገረው የተመለሰ ሰው የለም። ወፍጮ ቤቱን የያዘው አስማረ ይሄይስ ነዋ!

አስማረ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ኔትወርክ ወደ ከተማው ከተመለሰ ወዲህ ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ከወፍጮው አጠገብ ሰቅሎ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጠውን ትምህርት ሁሉ ይውጠው ጀመር። ሥነ ፈለክ፣ ሥነ ልቦና፣ ኢኮኖሚክስ፣ የአፈር ሳይንስ፣ ፍልስፍና፣ ብቻ ያገኘውን። ከስልኩ ላይ የሚራገፈው ዱቄት ለአንድ ድፎ ዳቦ ይበቃ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽሮዬን አልመህ ፍጭልኝ እንጂ!» ትለዋለች ደንበኛው ተዋበች።

«እትዬ ተዋበች፣ ይኼ ቁጣዎ ከልጅነትዎ የመጣ ነው። ተምሬዋለሁ።»

«ከልጅነቴ የመጣውን ተወውና ከቤቴ የመጣውን ሽሮ ፍጭ!»

እንዲህ እየተሰደበ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥራ አራት ዩኒቨርሲቲዎች አሥራ አራት የምስክር ወረቀት ሰበሰበ። ያኔ ነው ማስታወቂያው የወጣው። ከተማው ውስጥ ኮምፒዩተር ያለው አዲስ የንባብ ክፍል ሊከፈት ነው፤ ኃላፊው «በልዩ ልዩ የትምህርት መስኮች ማስረጃ ያለው» እንዲሆን ይፈለጋል። አስማረ አንብቦ ቆሞ ቀረ። ወፍጮው ግራ ጆሮውን ከወሰደው ቆይቷል፤ ቀኙም እየተሰናበተ ነው። አሁን ደግሞ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የሚደገፉት ወንበር፣ መጽሐፍ! ማስረጃዎቹን በፖስታ አሽጎ አስገባ።

በሁለተኛው ሳምንት ውጤቱ ተለጠፈ። «አንደኛ፦ አስማረ ገብረ ጻድቅ።» አስማረ በማግስቱ ወሬውን ሲሰማ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ቢሮው በረረ። መንገድ ላይ ያዩት ሁለት አህዮች ደንብረው እስካሁን አልተገኙም ይባላል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘመናይ መታወቂያውን ተቀብላ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

«ይኼ አስማረ ይሄይስ ይላል።»

«እኔው ነኝ።»

«ያለፈው አስማረ ገብረ ጻድቅ ነው። እሱ ደግሞ ትናንት መጥቶ ፈርሟል። ያውልህ።»

ጥግ ላይ አንድ ረጅም ሰው ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የአስማረ መንጋጋ ወለቀ፤ ለመግጠም ሁለት እጁን ሳይጠቀም አልቀረም።

ነገሩ የተበላሸው ገና ድሮ፣ የኢንተርኔት ትምህርቱ ምዝገባ ላይ ነበር። ቅጹ «ፈርስት ኔም» ሲለው አስማረ መጀመሪያ የወጣልኝ ስም ማለት ነው ብሎ እናቱ ያወጣችለትን «አስማረ» ጻፈ። «ላስት ኔም» ሲለው ደግሞ መጨረሻ የወጣልኝ መሆኑ ነው ብሎ በአርባ ቀኑ የወጣለትን የክርስትና ስሙን «ገብረ ጻድቅ» ሞላ። የአባት ስም የሚጠይቅ ቦታ ፈልጎ ሲያጣ፣ ፈረንጅ አባትን መጠየቅ ነውር ይሆንበታል ብሎ አለፈው። ኮሚቴው የለጠፈውም ምስክር ወረቀቶቹ ላይ ያገኘውን ስም ነው። ይሄንኑ ለዘመናይ አስረዳ።

«አንተስ?» አለች ዘመናይ ወደ ጥጉ ዞራ፤ «ሥነ ፈለክ ተምረሃል?»

«ሰማይ ማየትማ የእኛ የቆላው የዝቋላ ሰው የዘወትር ሥራ ነው እመቤት፤ ዝናብ እየጠበቅን። እኔ ፍየል ነጋዴ ነኝ። ለገበያ ስመጣ ሰዉ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ሄጄ ባይ ስሜ ከነአባቴ ተለጥፏል! መንግሥት በስም ሲጠራ እምቢ ይባላል?»

ዘመናይ ጭንቅላቷን ያዘች። «ገብረ ጻድቅ የክርስትና ስሙ መሆኑን የሚመሰክር አምጣ። እስከ ነገ ጠዋት ካላመጣህ ሥራው የኚህ ሰው ነው።»

በማግስቱ አስማረ ያጠመቁትን የነፍስ አባቱን፣ የሰማንያ ዓመቱን ቄስ ወርቅአገኘሁን ይዞ መጣ። መንገድ ላይ «አባ፣ ለሥራ ምስክር ይሁኑኝ» ከማለት በቀር ምንም አልነገራቸውም።

«አባ፣ የዚህ ሰው የክርስትና ስም ገብረ ጻድቅ ነው?» አለች ዘመናይ።

መቋሚያው ከቄሱ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ጓ አለ። «ማን ነገረሽ?»

«እሱው ራሱ። አሥራ አራት ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል።»

ቄሱ ወንበር በእጃቸው ዳሰው ተቀመጡ። «አንተ ልጅ! ለጎረቤት የማይነገረውን! ድግምተኛ እጅ ቢገባስ? ጭራሽ ባሕር አሻግረህ?»

«አባ፣ ፕሮፌሰሮች ናቸው እኮ።»

«የባሰው እሱ አይደል!»

«ታዲያ ስሙ ነው አይደለም?» አለች ዘመናይ።

«አውቀዋለሁ። አልናገርም።»

«አባ፣ እንጀራዬ ነው!» አስማረ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ያቺ ወፍጮ ጨርሳ ልታደነቁረኝ ነው!»

«ደንቆሮ መንግሥተ ሰማያት ይገባል። ድግምት የያዘው እንጃ!»

ፍርዱን ሊሰማ የመጣው ፍየል ነጋዴ አፉን በነጠላው ሸፈነ። በመጨረሻ ዘመናይ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ስሙ ካልሆነ 'አይደለም' ይበሉኝ። ከሆነ ዝም ይበሉ።»

ቄሱ ዝም አሉ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት። እንዲያ ያለ ዝምታ ሰቆጣ በሕማማት እንኳ ሰምታ አታውቅም። ዘመናይ ቃለ ጉባኤው ላይ «ምስክሩ ለአምስት ደቂቃ ዝም በማለት ቃላቸውን ሰጥተዋል» ብላ ጽፋ ማኅተም መታችበት። ነጋዴው «ተመስገን! ፍየሎቼ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደታሰሩ ናቸው» ብሎ ዱላውን አንስቶ ውልቅ አለ።

ሰኞ የንባብ ክፍሉ ተከፈተ። የመጀመሪያው እንግዳ ቄስ ወርቅአገኘሁ ነበሩ፤ ሊያነቡ ግን አልመጡም። «በል፣ ስምህን ካለበት አስመልስ!»

አስማረ በአዲሱ ኮምፒዩተር ለአሥራ አራቱም ዩኒቨርሲቲዎች «እባካችሁ የክርስትና ስሜን አጥፉልኝ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የአንዱ መልስ ከተፍ አለ።

«ምን ይላል? አንብበው እንጂ!»

አስማረ ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አለ። «'ውድ ገብረ ጻድቅ' ብሎ ነው የሚጀምረው፣ አባ።»

«በስመ አብ!» ቄሱ መስቀላቸውን ኮምፒዩተሩ ላይ ደቀኑ። «ለቀቅ አድርገው አንተ!»