አውዳመት ገና አልገባም

አያታችንን «አባባ» ነበር የምንላቸው። እሳቸው «በዓል»ን እና «አውዳመት»ን አደባልቀው አያውቁም። በዓል ካላንደር ላይ ያለ ቀን ነው፤ አውዳመት ግን ሰው ይዞት የሚመጣ ነገር ነበር።

የፋሲካ ጠዋት «እንኳን አደረሰዎ» ስንላቸው «ቆዩ፣ አውዳመት ገና አልገባም» ይሉና በር በሩን ያያሉ። የሚጠብቁት ጭሮ ገበያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ የተጎራበቷቸውን ሐጂን ነው። ሐጂ ቢላዋቸውን ይዘው ይመጡና ለእሳቸው ቤተሰብ ብለን የገዛነውን ዶሮ በሃይማኖታቸው ደንብ ራሳቸው ያርዳሉ። እናቴም ለዚሁ ብቻ ባስቀመጠችው ድስት ትሠራላቸዋለች። አባባ ሐጂ ገና ደጃፉን ሲረግጡ «አሁን ገባ» ይላሉ።

ለኢድም «ነገ አውዳመት ነው» ብለው ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር። አንድ ጊዜ «አባባ፣ የእኛ እኮ አይደለም» ብላቸው «ታዲያ ሐጂ የማን ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ዘንድሮ አባባ በጾሙ መሐል ዐረፉ። ሐዘን ላይ ስለሆንን ለፋሲካ ምንም አላዘጋጀንም። ሐጂ ግን በሰዓታቸው መጡ። እናቴ ቢላዋውን ስታይ ደንግጣ «ሐጂ፣ ዘንድሮ እኮ ዶሮ አልገዛንም» አለቻቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ ቢላዋውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡት። «እሱ ሲጠብቀኝ ነው የኖረው። እንዴት ልቅር?»

ከተቀመጡ በኋላ ሁላችንም «አሁን ገባ» የሚል ሰው እየጠበቅን ነበር።